ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ጎረቤቶቼን እንዴት ላሳምናቸው?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎካችን ጂ ፕላስ ፎር ሲሆን 40 አባወራ አለበት። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ግፊቱም ደካማ ስለሆነ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። እንደ ሌሎቹ የላይ ፎቅ ሰዎች በሳምንት አምስት ጀሪካን፣ ከነማስወጫው አንዱን በ40 ብር እገዛለሁ።

የብሎኩ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ፣ ፓምፕና የቧንቧ ሥራ በድምሩ 360,000 ብር እንደሚፈጅ አጣርተን በየቤቱ 9,000 ብር እንዲዋጣ ሐሳብ አቀረብን። ባለፈው ስብሰባ እንዳስረዳ የተወከልኩት እኔ ነበርኩ። ሦስት ገጽ ጽፌ፣ ስለ ፓምፑ የፈረስ ጉልበት ጀምሬ ሃያ ደቂቃ ያህል አነበብኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል፤ ድምፄም ተቆራረጠ። በመሀል አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተነስተው «ባለፈው ዓመት ለግቢው በር ያዋጣነው 1,500 ብር የት ደረሰ?» አሉ። «እኔ ያኔ ኮሚቴ አልነበርኩም» ብዬ ተቀመጥኩ። ጉርምርምታው በረታና ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

አሁን ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ጠዋት እንደገና ስብሰባ አለ። ሰብሳቢያችን «አንቺው ጨርሺው» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «ተዪው፣ አፍ ያለው ሰው ይናገር» ይለኛል። ሰው ማሳመን ተሰጥኦ ነው ወይስ ይለመዳል? ምን ትመክሩኛላችሁ?

ደንጋጣዋ ጸሐፊ፣ ከቱሉ ዲምቱ

እህቴ፣

በጣም የከበደሽ የድምፅሽ መንቀጥቀጥ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። መፍትሔ አለው፤ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መምህሩ የበሩን ገንዘብ ሲያነሱ አንገትሽን ያስደፋሽ ምንድን ነው? ድምፅሽ መቆራረጡ ነው? ወይስ በልብሽ «እውነታቸውን ነው» ማለትሽ? ለራስሽ በጽሞና መልሺው፤ ከዚህ በኋላ የምነግርሽ አብዛኛው ነገር ከመልሱ ጋር የተያያዘ ነው።

እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ የተረዳሁት ጎረቤቶችሽ ውሃውን እንዳልጠሉት ነው። ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ውሃ እንደቸገረው ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። እነሱን የያዛቸው «ገንዘቤ እንደ በሩ ይቀልጥ ይሆን?» የሚለው ስጋት ነው። ሃያ ደቂቃ የሚያውቁትን ነገር ሰሙ፤ ሊያውቁት ለፈለጉት ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አገኙ፤ እሷም በሩን የምትዘጋ ሆነች። የዓለም አንደኛ ተናጋሪ እንኳ በዚህ አካሄድ ያንን ስብሰባ አያሸንፍም ነበር።

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ከ2,300 ዓመት በፊት ንግግር ሰውን የሚያሳምንባቸውን ሦስት መንገዶች ለይቶ አስቀምጧል፤ የተናጋሪው ታማኝነት፣ የአድማጩ ስሜትና የነገሩ ማስረጃ። ከሦስቱ ታማኝነትን ከሞላ ጎደል ዋነኛ አድርጎታል። አንቺን ይበልጥ ሊያጽናናሽ የሚገባው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ይህ ታማኝነት ተናጋሪው ቀድሞ ባተረፈው ስም ሳይሆን በንግግሩ ውስጥ የሚገነባ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ያለፈው ስብሰባ ፋይልሽን አልዘጋውም። በሚመጣው እሁድ የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደገና መገንባት ይቻላል።

ተሰጥኦ ነው ወይ ላልሽው፣ ድምፀ መረዋ ሆነው የሚወለዱ ሰዎች አሉ። አርባ ጎረቤትን ለማሳመን የሚያስፈልገው ግን ዝግጅት ነው፤ እሱ ደግሞ ይለመዳል።

የባለቤትሽንም ሐሳብ በቀላሉ አልጥለውም፤ እንዳትዋረጂበት አስቦ ሊሆን ይችላል። ምርጫዎችሽን እንያቸው። አንዱ ሌላ ሰው እንዲናገር መተው ነው። ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተተኪው ሰው ሰነዱን እንዳንቺ ካላወቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ ካንቺ መጥፋት ደግሞ አንዳንዱ «የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው» ሊል ይችላል። ሁለተኛው ተካፍሎ መናገር ነው፤ ሰብሳቢው ስብሰባውን ይከፍታል፣ አንቺ ዋናውን ሰባት ደቂቃ ትናገሪያለሽ፣ ስለ ፓምፑ የሚያውቀው የኮሚቴ አባል የቴክኒክ ጥያቄ ይመልሳል። ሦስተኛው ሁሉንም ብቻሽን መሸከም ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ልብሽ ፈጽሞ እምቢ ካለሽ ግን መተውም ነውር የለውም፤ ዝግጅቱን አንቺ ሠርተሽ ንግግሩን ለሌላ መስጠት ትችያለሽ። ባለቤትሽን «ተቃዋሚ ሆነህ ስማኝ» ብለሽ አስቀምጪውና እቤት ውስጥ ተለማመጂበት፤ ከዳር ሆኖ ከሚያይ የሥራሽ አካል ቢሆን ለሁለታችሁም ይሻላል።

አሁን ወደ ሦስቱ ሳምንታት እንምጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት ንግግር በመጻፍ አታባክኚው። የሰው ቤት አንኳኪ። አርባውንም ማዳረስ አይጠበቅብሽም፤ ስምንት ቤት ይበቃል፣ ነገር ግን ስምንቱ የተለያዩ ይሁኑ። ውሃ የሚደርሳቸው የግራውንድና የአንደኛ ፎቅ ሰዎች፣ አራተኛ ፎቅ ያሉ፣ በጡረታ የሚተዳደሩ፣ ተከራይ፣ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር የሚኖር ባለቤት፣ የእድሩ ዳኛ። ስትሄጂ ለማሳመን አትሞክሪ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፤ «ስለዚህ መዋጮ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?» እና «ምን ቢሟላ ይከፍላሉ?»። መልሱን በራሳቸው ቃል ጻፊው። በኋላ በንግግርሽ ውስጥ ሰዎች የራሳቸውን ቃል ሲሰሙ «ይቺ ልጅ ሰምታናለች» ይላሉ፤ ጆሯቸውን የሚሰጡሽ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ቤት የመምህሩ ይሁን። ብቻሽን ሂጂ፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ ከሄደ ሽማግሌ የተላከባቸው ይመስላል። «ጋሼ፣ ባለፈው ለጠየቁኝ ጥያቄ ተገቢውን መልስ አልሰጠሁም፤ ጥያቄዎ ልክ ነበር» ብለሽ ጀምሪና ከዚያ አድምጪ። አፋቸውን ለማስያዝ እንዳልመጣሽ በሁኔታሽ ይታይ። «የሚመጣውን ገንዘብ የሚቆጣጠር ቢመረጥ ምን ምን ማየት አለበት ይላሉ?» ብለሽ ምክራቸውን ውሰጂ። ፈቃዳቸው ከሆነ በስብሰባው «መምህራችን በሰጡኝ ምክር መሠረት» ማለት ትችያለሽ። ካልፈቀዱ ስማቸውን አታንሺ። እሳቸው በመጨረሻ ባይደግፉሽም እንኳ በንቀት እንዳላለፍሽው ያውቃሉና የሚናገሩበት ቃና ይለወጣል።

በዚያው ሳምንት ሦስት ነገር አጣሪ። አንደኛው የበሩ ገንዘብ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1,500 ብር በ40 ቤት 60,000 ብር ይሆናል። በባንክ ስንት አለ? ስንት ወጣ? ደረሰኝ አለው? የቀድሞ ኮሚቴዎችን በትሕትና ጠይቂ፣ ያገኘሽውን ብቻ ያዢ። ሁለተኛው መተዳደሪያ ደንባችሁ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው በስንት ሰው ነው? ተከራይ ድምፅ ይሰጣል? የሌለ ባለቤት በውክልና ይወስናል? ብዙ ጥሩ ንግግር የተበላሸው «ውሳኔው አይጸናም፣ ሰው አልሞላም» በሚል አንድ ቃል ነው።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነውና። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ሮቶው ከሚገጠምበት አካባቢ ካለው ቧንቧ ሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቀምጪና በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ጀሪካኑ በ30 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 40 ሊትር፣ በሰዓት 2,400 ሊትር ነው፤ ውሃው ስምንት ሰዓት ከቆየ 19,200 ሊትር ይገባል፣ ሁለቱ ሮቶዎች ሊሞሉ ምንም አይቀራቸውም። አንድ ሙሉ ደቂቃ ከፈጀ ግን በስምንት ሰዓት የሚገባው 9,600 ሊትር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሮቶ ባዶውን ይቀመጣል፣ ስለዚህ የምታቀርቢው ሐሳብ ራሱ መለወጥ አለበት። ፈሳሹ እንደ ሰዓቱ ስለሚለያይ ሌሊቱ ሲጀምር፣ መሀል ላይና ሊነጋጋ ሲል ለኪው። ይህን ቁጥር ይዘሽ ከቆምሽ ከሕዝቡ መሀል «ለመሆኑ ይሞላል ወይ?» የሚል ሰው ሲነሳ መልሱ በእጅሽ አለ። ራሷ ሌሊት ተነስታ የለካች ሰው ደግሞ ትታመናለች።

በሁለተኛው ሳምንት ንግግሩን ሥሪ። ሰባት ደቂቃ ይሁን፤ ለጥያቄ ደግሞ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይቅር። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጅ እያለቀሰበት፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ሃያ ደቂቃ ንባብ አይሰማም። ቅደም ተከተሉን በተመለከተ አላን ሞንሮ የተባለ የአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1930ዎቹ ያደራጀው አካሄድ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ጆሮ መሳብ፣ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሔውን ማቅረብ፣ ውጤቱን በዓይነ ሕሊና ማሳየት፣ በመጨረሻ ቁርጥ ያለ ተግባር መጠየቅ። አንቺ ባለፈው ከሦስተኛው ጀመርሽ፤ ፓምፑ መፍትሔው ነውና።

ባንቺ ሁኔታ ጆሮ የሚስበው ቀልድም ተረትም አይደለም፤ የበሩ ገንዘብ ነው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦

«እንደምን አደራችሁ ጎረቤቶቼ። ባለፈው ዓመት ለግቢው በር በየቤታችን 1,500 ብር፣ በድምሩ 60,000 ብር አዋጥተናል። በሩ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ባለፈው ስብሰባ ይህ ሲጠየቅ በቂ መልስ አልሰጠሁም። ዛሬ ከውሃው በፊት እሱን እናገራለሁ።»

ከዚያ ያገኘሽውን በሦስትና አራት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ገንዘቡ ባንክ ካለ መግለጫውን አሳዪ። ሰነዱ ከጎደለ «በእጃችን ያለው ወረቀት ይህን ያህል ያሳያል፤ የቀረውን የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች ዛሬ እንምረጥ» በይ። ማንንም በስም አትክሰሺ። የቀድሞዎቹም ጎረቤቶችሽ ናቸው፣ ምናልባትም እዚያው ተቀምጠዋል፤ ያልተረጋገጠ ወቀሳ ከጀመርሽ የውሃው አጀንዳ እዚያው ይቀበራል። እንዲህ ብለሽ ስትጀምሪ ባለፈው ያፈረሰሽን ጥያቄ ራስሽ ቀድመሽ ስላነሳሽው ከዚያ በኋላ የሚጮህበት ምክንያት ይቀንሳል።

ችግሩን ስታሳዪ ቁጥር አታብዢ። አድማጭ ወረቀት ስለሌለው ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብ አይችልም፤ አምስተኛው ቁጥር ላይ የመጀመሪያውን ረስቶታል። ሁለት ቁጥር ይበቃሻል። የመጀመሪያው ይኸውልሽ፤ አምስት ጀሪካን በ40 ብር በሳምንት 200 ብር ነው፣ በዓመት 52 ሳምንት 10,400 ብር። አንድ ጊዜ ከሚዋጣው 9,000 ብር ይበልጣል። ሁለተኛው፤ 20,000 ሊትር ለ40 ቤት ሲካፈል ለአንድ ቤት 500 ሊትር፣ ማለትም በአንድ ሙሌት 25 ጀሪካን ነው። ልኬትሽ ይህን ካልደገፈ ቁጥሩን በልኬቱ ልክ ዝቅ አድርጊው። «500 ሊትር» ከማለት «25 ጀሪካን» በይ፤ ጀሪካኑን ትከሻቸው ያውቀዋል። ሁለቱን ስሌቶች በትልቅ ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር ጽፈሽ ስቀይ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ማንበብ መቻሉን አስቀድመሽ ፈትሺ። የፓምፑ የፈረስ ጉልበት በንግግሩ ውስጥ አይግባ፤ ለጠየቀ ሰው በወረቀት ይቆየው።

ስሜትንም አትፍሪው። በውሃ እጦት የሚንገላታን አንድ ሰው ማንሳት ብዙ ጊዜ ስለ አርባ ቤት በጅምላ ከማውራት ይበልጥ ልብ ይነካል። ግን ተጠንቀቂ። ጎረቤትን በችግሩ አደባባይ ማውጣት ያስቀይማል። «አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አራስ» ካልሽ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ፈቃዷን ጠይቂ፣ ካልሆነ ስለራስሽ ተናገሪ። ለቅሶ አያስፈልግም፤ ማክሰኞ የተገዛው ውሃ ዓርብ ሲያልቅ እቤት ውስጥ ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደማይታጠብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ብትናገሪ በቂ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ተናጋሪ ይፈራዋል፤ የራስን ሐሳብ ድክመት መናገር። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ በየወሩም የመብራትና የጥገና ትንሽ መዋጮ ይኖራል። የግራውንድ ሰዎች ጥቅማቸው ከላይኛው ፎቅ ያንሳል። ይህን ደብቀሽ ብታልፊ ሌላ ሰው ያነሳዋል፣ ያኔ የተደበቀ ይመስላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካርል ሆቭላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በአሜሪካ ወታደሮች ላይ ባደረገው ጥናት፣ አስቀድመው ሐሳቡን የሚቃወሙ ሰዎች ይበልጥ የተሳቡት የተቃራኒውን ወገን ነጥብም ባካተተ ንግግር እንደነበር ታይቷል። አንድ ነገር ግን አትርሺ፤ ተቃውሞውን አንስተሽ ሳትመልሺው ካለፍሽ ራስሽን ትጎጃለሽ፣ ከነአካቴው ባታነሺው ይሻል ነበር። «መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ሮቶዎቹ መሬት ላይ ስለሆኑ ግን ከሥር ካለው ቧንቧ መቅዳት ይቻላል» ብለሽ ጨርሺው። ለግራውንድ ሰዎች ምን እንደምትመልሺ ኮሚቴው አስቀድሞ ይምከርበት፤ አነስ ያለ መዋጮ ይሁንላቸው ወይስ እኩል? እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም ሳይኖራችሁ እንዳትቀርቡ።

የታማኝነቱ ዋና ማሰሪያ ገንዘቡ የሚያዝበት መንገድ ነው፤ ከሰባቱ ደቂቃ ሁለቱን ስጪው። ከሦስት አቅራቢዎች የተሰበሰበ ፕሮፎርማ፣ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ፣ ከፈራሚዎቹ ቢያንስ አንዱ ከኮሚቴው ውጭ የሆነ፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ መግቢያው ላይ የሚለጠፍ የገቢና ወጪ ዝርዝር። 9,000 ብር በአንዴ ለከበደው በሦስት ወር 3,000፣ ለጡረተኛ በስድስት ወር 1,500። በነገራችን ላይ 1,500 የበሩ መዋጮ ልክ ስለሆነ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሳይጠየቅ «ይኼኛው በየወሩ ደረሰኝ አለው» በይ።

አሁን ወደ ድምፅሽ። ሰው ፊት ስንቆም ሰውነታችን አድሬናሊን ይለቃል፤ ልብ ይመታል፣ አፍ ይደርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ድምፅ የሚወጣው ከሳንባ በሚመጣ አየር ስለሆነ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ድምፅም ይቆራረጣል። ስለዚህ ሥራሽ ከትንፋሽሽ ጋር ነው። ከመነሳትሽ በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል፣ እስከ አራት እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ አስገቢ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። የሚያረጋጋው አወጣጡ ረዘም ማለቱ ነው። እግሮችሽን በትከሻሽ ልክ ከፈት አድርገሽ ቁሚ። ሦስቱን ገጽ ተዪው፤ ሰፊ ወረቀት ትንሿን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል፣ ይንኮሻኮሻልም። የመዳፍሽን የምታህል ጠንካራ ካርድ ላይ አምስት ስድስት ቃል ብቻ ጻፊ። ያን ጠዋት ቡናውን እስከ በረካ አትጠጪ፣ የልብ ምትሽን ይጨምራል። ለብ ያለ ውሃ አጠገብሽ ይኑር።

ሌላም ልንገርሽ። ኬኔት ሳቪትስኪና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ተናጋሪዎች ፍርሃታቸው ለአድማጭ ከሚታየው በላይ የሚታይ እንደሚመስላቸው አረጋግጠዋል። ይህን እውነት አስቀድመው የተነገራቸው ተናጋሪዎች ደግሞ የተሻለ ተናግረዋል። ባለፈው ምናልባት ካንቺ በቀር መንቀጥቀጥሽን እንደዚያ ያጤነው ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ይቅርታ፣ ፈርቻለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ያላዩትን ታሳያቸዋለሽ።

ንግግሩን በቃልሽ አትሸምድጂው። የሸመደደ ሰው አንዲት ቃል ስትጠፋው ተከትሎ ያለው ሁሉ ይጠፋበታል። በቃል የምትይዣቸው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ነው። የቀረውን ከካርዱ ቃላት ላይ ተነስተሽ በራስሽ አነጋገር ተናገሪው። ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ በተለያዩ ቀናት አምስት ጊዜ ተለማመጂ፤ በአንድ ሌሊት አምስት ጊዜ መድገም ያን ያህል አይጠቅምም። በስልክሽ ቅጂና ሰዓቱን እዪ። ስታዳምጪው «ማለት ነው»፣ «ያው»፣ «እ…» የምትዪባቸውን ቦታዎች ልብ በይ። በነሱ ፋንታ ዝም በይ። ዝምታ ለተናጋሪው ረጅም ይመስላል፤ ለአድማጩ ግን ማሰቢያ ነው። በተለይ «10,400 ብር» ካልሽ በኋላ በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ፤ ሰው የራሱን ሒሳብ የሚሠራው በዚያች ቅጽበት ነው።

ስብሰባው በእድሩ ድንኳን ሥር ከሆነ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ሂጂ። ወንበሮቹን አቅርቢያቸው፤ ተበታትኖ የተቀመጠ ሰው እርስ በርስ ያወራል። ሞንታርቦ ካለ ማይኩን ከአፍሽ አንድ ጭብጥ ያህል አርቀሽ ያዢ፣ ከሞንታርቦው ፊት ግን አትቁሚ፤ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ ስለሚይዝ ይጮኻል። አንድን ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሰው ተናገሪ፣ ሌላውን በሌላ በኩል ላለ ሰው። ትልልቆቹን ፊት ለፊት ማየት ከከበደሽ ግንባራቸውን እዪ፣ ልዩነቱ አይታወቅም። ከጎረቤቶችሽ መካከል ኦሮምኛ የሚቀናቸው ካሉ ደግሞ ዋናውን ነጥብ በሁለት ደቂቃ የሚደግምላቸው ሰው አዘጋጂ። ግማሽ የተረዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ይቅር» ነው የሚለው።

ጥያቄ በመጨረሻ እንደሚሆን ሰብሳቢው አስቀድሞ ይናገር። እንዲያም ሆኖ አንዱ ቢያቋርጥሽ እስኪጨርስ ስሚው፣ ጥያቄውን ሁሉም እንዲሰማ በአጭሩ ድገሚው፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሺ፣ ስትመልሺም እሱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እያየሽ ይሁን። ከአንድ ሰው ጋር ከተያያዝሽ ስብሰባው የሁለት ሰው ክርክር ይሆናል። የማታውቂውን ስትጠየቂ «አላውቅም፤ እስከ ረቡዕ አጣርቼ መግቢያው ላይ እለጥፋለሁ» በይና ረቡዕ ለጥፊ።

መጨረሻ ላይ «ምን ይመስላችኋል?» ብለሽ አትተዪው፤ ለጉርምርምታ በር ይከፍታል። ቁርጥ ያለ ጥያቄ አቅርቢ፦ «በየቤቱ 9,000 ብር በሦስት ክፍያ፣ የመጀመሪያው 3,000 በሚቀጥለው ወር መጨረሻ፣ ገንዘቡም በሦስት ፈራሚዎች እንዲያዝ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።» ቤቱ ገና የሚያመነታ ከመሰለሽ ግን አታስገድጂ። ትንሿን ውሳኔ ጠይቂ፤ ሦስቱን ፕሮፎርማና የበሩን ሒሳብ መርምረው በ15 ቀን ሪፖርት የሚያቀርቡ ሦስት ሰዎች ይመረጡ። መምህሩ ከሦስቱ አንዱ ቢሆኑ ደስ ይለኛል። ይህን እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው፤ ባለፈው ያለ ምንም ውሳኔ ነበር የተበተነው።

ጸሐፊ ነሽና የመጨረሻው ሥራ የእጅሽ ነው። ቃለ ጉባኤውን በማግስቱ፣ ሰኞ ማታ፣ መግቢያው ላይ ለጥፊ፤ ስንት ሰው ተገኘ፣ ስንት ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ማን ምን እስከ መቼ ሊሠራ ተስማማ። የተቃወሙትንም ቁጥር ጻፊው። የመጀመሪያው ከፋይ ሲመጣ ደረሰኙን እዚያው ቆርጠሽ ስጪ፤ በዚያች ዕለትም የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ከሦስቱ ፈራሚዎች ስም ጋር ከቃለ ጉባኤው ጎን ለጥፊ።